ሰዓት አይደለችም

ባለፈው የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ "ቲቸር፣ ያቺ ትልቅ ሰዓት ስማርት ዋች ናት እንዴ? ስንት ገዛሃት?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። በ2008 ዓ.ም. ያስተማርኩት አንዱማ "ቲቸር ጅቡቲ ሄዶ ባለሀብት ሆነ" ብሎ ኮሜንት ላይ ጽፎልኛል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ።

መጀመሪያ ነገር ሰዓት አይደለችም። ዳይቭ ኮምፒውተር ትባላለች። ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው እጁ ላይ የሚያስራት ናት። አዎ፣ እኔ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ በሳምንት አንዴ በሳፋ እየታጠብኩ ያደግኩት ሰውዬ፣ ባሕር እጠልቃለሁ።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ባጭሩ። ጅቡቲ ለማስተማር ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዋና አላውቅም ነበር። እዚህ ዓርብ ዕረፍት ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ቤት አያስቀምጥም። ጎረቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ጠላቂዎችን ይዞ ወደ ሙሻ ደሴት በሚወጣ ጀልባ ላይ የአየር ሲሊንደር የሚሞላ። ቀስ በቀስ እሱም ጠላቂ ሆኗል። የጀልባው ባለቤት ልጅ ሒሳብ አልገባው ብሎ ተቸግሮ ነበርና እኔ ልጁን ላስጠና፣ እነሱ እኔን ሊያስተምሩኝ ተስማማን። በገንዘብ ቢሆንማ የዲፕሎማ ደመወዝ የት ያደርሰኛል? ዋና ለመልመድ ብቻ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ያን ታሪክ ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ፣ ያሳፍራል።

ኮምፒውተሯን ወደ ሀገሩ ሲመለስ ከነበረ የውጭ አገር መምህር ነው የገዛኋት። አሮጌ ናት፣ መስታወቷ ተቧጭሯል። የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ከፍዬባታለሁ።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። እናንተ 9ኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ የቦይልን ሕግ ታስታውሱ ይሆናል። ሙቀቱ ካልተለወጠ የጋዝ ግፊትና መጠን ሲባዙ ቋሚ ናቸው፤ ግፊት በእጥፍ ሲጨምር መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ያን በጠመኔ እየጻፍኩ አስር ዓመት አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይም አውጥቼባችኋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማወራው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ባሕር ላይ፣ ውኃው ወለል፣ ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ነው። 10 ሜትር ስትወርድ ሁለት ይሆናል። 20 ሜትር ላይ ሦስት፣ 30 ሜትር ላይ አራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሜትር ወርጄ ጆሮዬን ሲጨምቀኝ "ለካ ይሄ ነው!" አልኩ። ማለቴ በሆዴ፤ አፌ ላይ መተንፈሻው አለ።

ከቦይል በላይ የሚያስቸግረው ግን ናይትሮጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው ገደማ ናይትሮጅን መሆኑን ታውቃላችሁ። መሬት ላይ ምንም አያደርገንም፣ ገብቶ ይወጣል። ግፊት ሲበዛ ግን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። በጠለቅክ ቁጥርና በቆየህ ቁጥር ብዙ ይገባል። ቀስ ብለህ ከወጣህ በመጣበት በሳንባ በኩል ይመለሳል። ቸኩለህ ከወጣህ ግን እዚያው ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ለስላሳ ጠርሙስ ስትከፍቱ የሚፈላው ነገር፣ እሱ ነው። መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ያሰቃያል፣ አከርካሪ ላይ ሲሆን ሽባ ያደርጋል። ይገድላልም።

ይህን ነገር መጀመሪያ በደንብ ያሰላው ሀልዴን የሚባል የብሪታንያ ሳይንቲስት ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ያሳተመው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። የሞከረው በምን መሰላችሁ? በፍየል! ፍየሎቹን የግፊት ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ ግፊቱን በተለያየ ፍጥነት እየቀነሰ ያይ ነበር። ያመማት ፍየል የፊት እግሯን አንስታ ትቆማለች። በዚያ ነው ለጠላቂዎች የመውጫ ሠንጠረዥ የተሠራላቸው። የሰው አካል ሁሉ ናይትሮጅንን በአንድ ፍጥነት አይቀበልም ብሎ አምስት ቦታ ከፍሎ ነው ያሰላው፤ አንዱ ክፍል በ5 ደቂቃ ግማሹን ይሞላል፣ የመጨረሻው ግን 75 ደቂቃ ይፈጅበታል። እጄ ላይ ያለችው ዕቃ በመሠረቱ እንዲህ ያለውን ስሌት በየጥቂት ሰከንዱ የምትሠራ ናት። ስንት ሜትር ላይ እንዳለህ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየህ ትለካና "እዚህ ጥልቀት ላይ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶሃል" ትልሃለች። ያ ቁጥር ዜሮ ከገባ በኋላ ቀጥታ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም፤ መንገድ ላይ እየቆምክ ነው የምትወጣው። እንደኔ ያለ ጀማሪ እዚያ ድረስ መድረስ የለበትም።

ቀላል ይመስላል አይደል? ሁለት ቁልፍ ነው ያላት። እኔም ቀላል መስሎኝ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ተውኩት። ፊዚክስ መምህር አይደለሁ!

የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ጥልቀቶች ላይ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከድሬው ልጅ ጋር ጎን ለጎን ነው የምንሄደው፣ ጥልቀታችን እኩል ነው፣ የገባነውም አብረን ነው። የሱ ኮምፒውተር 30 ደቂቃ ቀርቶሃል ስትለው የኔዋ 18 ትላለች። ሁሌ የኔ ቀድሞ ያልቃል። እኔ ቶሎ እወጣለሁ፣ እሱም በኔ ምክንያት ይወጣል። "አቦ ቲቸር፣ ይቺ ዕቃ ተበላሽታለች፣ ፈረንጁ ሸወደህ" አለኝ። እኔም ሻጩን በሆዴ ስረግመው ከረምኩ።

አንድ ማታ ተናድጄ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ እንደ ተማሪ፣ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። የከፍታ ማስተካከያ የሚባል ነገር አለ። ሦስት ደረጃ ነው፦ ከባሕር ወለል እስከ 300 ሜትር፣ ከ300 እስከ 1500፣ ከ1500 እስከ 3000። ሐይቆች ተራራ ላይም ስላሉ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ጠላቂው ሲወጣ የሚደርሰው ወደ አነስተኛ ግፊት ስለሆነ ኮምፒውተሯ ደቂቃ ትቀንስበታለች። የኔዋ ሦስተኛው ላይ ናት። ማን አደረጋት? ፈረንጁ? አይደለም። እኔ ነኝ! ክረምት ላይ ለዕረፍት ደብረ ብርሃን ይዣት ሄጄ፣ አባቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስነካካት፣ ያለሁበትን ከፍታ የጠየቀችኝ መስሎኝ በታማኝነት የሀገሬን ሞላሁላት። ከዚያ ረሳሁት። ምስኪኗ ዕቃ እዚህ ቀይ ባሕር ደጃፍ ላይ ሆና ደብረ ብርሃን ያለች እየመሰላት ነበር የምታሰላው።

እግዜር ይስጠው፣ ስህተቱ ወደሚያጠነቅቀው ወገን ሆነ። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

በነገራችን ላይ ያን ቀን በረንዳው ላይ አባቴ "ሰዓት ነው?" ብሎኝ ነበር። "አይደለም አባዬ፣ ባሕር ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደምቆይ የምትነግረኝ ናት" አልኩት። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዕድሜውን የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ትንሽ አሰበና "ታዲያ ሰዓት አይደለች?" አለ። መልስ አጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ኅዳር ላይ ነው፣ ዓርብ ቀን። በዚህ ወቅት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ሻርክ ነው እንጂ ሰው አይነካም፣ ደቃቅ ነገር እያጣራ ነው የሚበላው። ያን ቀን ሁለቴ ጠለቅን። በሁለተኛው 14 ሜትር ላይ ሆነን ከበላያችን ጥላ አለፈ። ቀና አልኩ። የአንድ ሚኒባስ ያህላል፣ ጀርባው ነጠብጣብ ነው። እናላችሁ፣ አእምሮዬን ሳትኩ። ወደ ላይ ቀዘፍኩ። ኮምፒውተሯ መጮህ ጀመረች፤ ቢፕ ቢፕ ቢፕ። የመውጫ ፍጥነት በደቂቃ ከ10 ሜትር እንዳይበልጥ ነው የምትፈልገው። እኔ ስንት እንደሄድኩ እንጃ። ጩኸቷን ሰምቻለሁ፣ ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ያን ዓሣ ማየት ፈልጌ ነው።

የድሬው ልጅ እግሬን ይዞ ጎተተኝ። አምስት ሜትር ላይ አስቆመኝና በጣቱ ኮምፒውተሬን መታ መታ አደረገልኝ። ሁሌ የምንቆማት የሦስት ደቂቃ ማቆሚያ ረዝማ ነበር፣ ዕቃዋ ቀጣችኝ። ከዚያ ላይ ሆኜ ዓሣው ሰማያዊው ውስጥ ሲጠፋ አየሁት። ጀልባው ላይ ስንወጣ አልተቆጣኝም። "ቲቸር፣ አንተ ተማሪ ብትሆን ዛሬ ስንት ትሰጠዋለህ?" አለኝ ብቻ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነበር። ሰዓቷን ልብ በሉልኝ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። አባቴ ከትናንት ጀምሮ ሆዱ ተነፍቶ፣ አላስወጣ አላስገባ ብሎት ሆስፒታል ወስደውታል። አንጀቱ ታጥፏል። ሐኪሞቹ በቱቦ ሞክረው፣ እስከ ረፋድ ካልተፈታ እንከፍተዋለን ብለዋል። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። "ቶሎ ና" አለችኝ። እህቴ ቶሎ ና የምትል ሰው አይደለችም።

ወደ አዲስ አበባ በነጋታው ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሳ በረራ ነበር። ባልደረባዬ በስልኩ ትኬቱን ሊቆርጥልኝ ሲል እጄን አየሁ። ኮምፒውተሯ ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ሥዕል አለች። ከጎኗ 15 ይላል።

ምን ማለት መሰላችሁ? ከጠለቅህ በኋላ ናይትሮጅኑ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አያልቅም፣ ለሰዓታት ይቆያል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ መሬት ላይ እንዳለው አይደለም፤ እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ይሳሳል። ባሕር ላይ ችግር ያልነበረው ናይትሮጅን እዚያ ላይ አረፋ ሊሆን ይችላል። አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ሁለቴና ከዚያ በላይ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ ነው ምክሩ። እኔ ሁለቴ ጠልቄያለሁ። ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ቁጠሩት፤ 16 ሰዓት ተኩል ነው። የምትጎድለው አንድ ሰዓት ተኩል ናት! ኮምፒውተሯ ደግሞ ሦስት ሰዓት ጨምራብኛለች።

የድሬው ልጅ ቤት ሮጥኩ። "አንድ ሰዓት ተኩል ምን ታመጣለች?" አልኩት። የጠበቅኩት "ችግር የለውም ሂድ" እንዲለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እሱ ግን "ቲቸር፣ ሌላው ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ አንተ ወርደህ የት ነህ?" አለኝ።

ቀዘቀዝኩ። ቦሌ 2300 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ማለት፣ በዚህ ሒሳብ፣ የማያርፍ አውሮፕላን ናት። እኔ ደግሞ እዚያ አልቆምም። ወደ ደብረ ብርሃን ነው የምወጣው፣ 2840 ሜትር። እዚያ ያለው ግፊት ባሕር ላይ ካለው 70 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ምክሩ የተጻፈው ለአውሮፕላን ነው፣ የኔ አባት ቤት ከአውሮፕላኑ ይበልጣል። በዚያ ላይ ከሰዓት ያቺን ዓሣ ብዬ የሠራሁት ሥራ አለ። በዝግታ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልቤ ይደፍር ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ትከሻዬን ቢቆርጠኝ፣ እግሬ ቢደነዝዝ፣ ማን ነው "ይሄ ባሕር ውስጥ ያመጣው በሽታ ነው" ብሎ የሚጠረጥረው? እናቴ ሁለት በሽተኛ ታስታምም?

በባቡርስ? አልኩ። ባቡሩም ያው ተራራውን ነው የሚወጣው። በመኪናም ያው ነው። ከጅቡቲ ወደ ሀገር ቤት የማይወጣ መንገድ የለም።

የዚያኑ ቀን 10 ሰዓት የሚነሳውን በረራ ቆረጥኩ። ከዚያ ለወንድሜ ደወልኩ። ለእሱ ማስረዳት ይቻላል ብዬ ነበር። ናይትሮጅን አልኩት፣ ግፊት አልኩት፣ ፍየል ሁሉ ሳልነግረው አልቀረሁም። ዝም ብሎ ሰማኝ ሰማኝና "አባትህ አልጋ ላይ ተኝቶ አንተ ሰዓት ታያለህ?" ብሎ ዘጋው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያቺን አውሮፕላን ሳያት አደርኩ። 12። 9። 6። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 3 ትላለች። የበረራው ድምፅ ተሰማኝ ወይስ መሰለኝ፣ አላውቅም። አስቡት፣ የአባቴ ሆድ ውስጥ መውጫ ያጣ አየር አለ፣ እኔ ሰውነት ውስጥ መውጫ ጊዜ የሚፈልግ አየር አለ። ሁለታችንም አየር ነው የያዘን። ፊዚክስ መምህር መሆን አንዳንዴ አይጠቅምም።

በ6 ሰዓት ኦፕራሲዮን አስገቡት። በ9 ሰዓት ወጣ። እኔ ኤርፖርት ነበርኩ፣ እህቴ "ወጣ፣ ተንፍሷል" ብላ ጻፈችልኝ። አውሮፕላኗ ሥዕል ከስክሪኑ ላይ ከጠፋች ሰዓታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ማታ ደረስኩ፣ በሌሊት የሚሄድ መኪና አጥቼ በነጋታው ማለዳ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁልቁለት ላይ ሁሉ ትከሻዬን እያሻሸሁ ነበር፣ ምንም አልነበረም፣ ፍርሃት ነው።

አባቴ ነቅቶ ነበር። ከስቷል። እጄን ሲይዝ ኮምፒውተሯን ነካት፤ ለካ በጥድፊያ ሳላወልቃት መጥቻለሁ። "ባሕሩ ያዘህ አሉ" አለኝ። አዎ አልኩት። "ስንት ሰዓት?" አለኝ። "ሃያ አምስት ሰዓት ተኩል አባዬ።" ዓይኑን ጨፈነና "ታዲያ ሰዓት ናት" አለ። እናቴ ከጎን "ባሕር ውስጥ ምን ጥሎብህ ገባህ ልጄ?" እያለች ነው፤ እሷን እስካሁን አላሳመንኳትም።

አሁን ደህና ነው። አጥሚት ከመጠጣት አልፎ ፍትፍት ይበላል፣ ነርሶቹን ይቆጣል።

ወንድሜ ግን ሆስፒታል ውስጥ ጨብጦኝ አለፈ እንጂ አላወራኝም። ከተመለስኩም በኋላ አልደወለም። ይህን ገጽ እንደሚያይ አውቃለሁ። ላይክ አያደርግም እንጂ ያያል። ስማኝ፣ በስልክ ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። አርፍጄ የቀረሁት ጠልቄ ስለነበር ብቻ አይደለም። ዓሣ ልይ ብዬ በፍጥነት ስለወጣሁ፣ ዕቃዋ ስትጮህ ሰምቼ ዝም ስላልኳት፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል ለመወራረድ ድፍረት ስላጣሁ ነው። መናደድህ ልክ ነው፣ ግን በትክክለኛው ነገር ተናደድ።

ዓርብ ተመልሼ ባሕር እገባለሁ። የከፍታውን ደረጃ ሁለቴ አይቻለሁ፣ አንደኛው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እጠልቃለሁ። አባዬ ቅዳሜ ስፌቱን ሊያወልቅ ቀጠሮ አለው፣ ስልኬ ክፍት ነው፣ ደውል።